የሁዳዴ ወተት

ተመራማሪው ነቀምት የገባው ሁዳዴ ሊያዝ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። ሰውዬው ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሰው አእምሮ ተምሮ፣ ጂፑን ወረቀት በወረቀት አድርጎ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የጾሙን መግቢያ ሳይጠይቅ የወተት ሙከራ ይዞ መጣ። እኛም ከመቀመጫችን ተነስተን አጨበጨብንለት። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ወደ ባኬ ጃማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በክረምት መግቢያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር በሌሎቹ ክፍሎች ትምህርት የለም፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ አስተማሪውም አብሮ ይንጫጫል። በእኔ ክፍል ግን ማስመሪያዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ዳይሬክተሩ እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስጎበኘው የእኔን ክፍል ነው። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴን ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ተመራማሪው አስተማሪዎቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። መልከ መልካም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ነጭ ሸሚዙ በነቀምት ጭቃ ላይ ነጭ ሆኖ የሚውል ሰው ነበር። በዕርዳታ የመጣ የዱቄት ወተት አለ፤ ለተማሪዎች ቢሰጥ አእምሯቸው ይቀለጥፋል ወይስ አይቀለጥፍም? ይህን ለማወቅ ነው የመጣው። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል አርባ ልጆች ይመረጡና ሃያው ለስድስት ሳምንት በየጧቱ አንድ ኩባያ ወተት ይጠጣሉ፤ ሃያው አይጠጡም። ከዚያ አርባውም ይፈተናሉ። ፈተናው ቀይና ነጭ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ኩቦችን ካርቶን ላይ እንደተሳለው ምስል መደርደር ነው። ፈታኙ፣ ጫን ሲሉት የሚነሳና የሚቆም ሰዓት በእጁ ይዞ፣ ልጁ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባል።

"የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወተቱን" አለን፣ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ። "የምንለካውም አንድ ነገር ነው፤ ቅልጥፍናን። ሌላው ሁሉ ባለበት መቆም አለበት። ከወተቱ ጋር ሌላ ነገር አብሮ ከተለወጠ፣ ሥራውን የሠራው ወተቱ ይሁን ያኛው ልናውቅ አንችልም። ገባችሁ?"

ገባን አልን። እኔ እንዲያውም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ "ሌላው ሁሉ" የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ከስድስተኛ ክፍል አንዲት ሴት ልጅ ተመርጣ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። አንዲት ብቻ። ለቦታው የሚበቁት ሁለት ነበሩ፣ ውጤታቸውም እኩል ነው። አንደኛዋ የአንድ ወንጌላዊ ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ።

እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባታችን ከጎጃም መጥቶ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሲሠራ የሞተው እሷ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እናቴ ጾሟንና ጸሎቷን፣ እኔ ደግሞ የእህቴን ትምህርት ይዘን ቡርቃ ጃቶ ባለች ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ቦታውን ካላገኘች ምን እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። ከኑኑ ቁምባ አንድ የወረዳ ጸሐፊ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። "ትምህርት ይዘጋና" ብላ መለሰቻቸው። ሰውዬው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ይዞ በሁለቱ ልጆች መካከል ሲዋልል የተመራማሪው ሙከራ ደረሰለት። ደስ አለው። አንዷን ቢመርጥ የሌላዋ ወገን ያኮርፋል፤ አሁን ግን ማኩረፊያ የለም። "ሁለቱም በሙከራው ይግቡ" አለ። "ሳይንስ ራሱ ይፍረድ። የቀደመችው ትሄዳለች።" ወተት ጠጪና ወተት ያልጠጣች ልጅ እንዴት በአንድ መስመር ይሮጣሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ ልንገራችሁ፤ ዕጣው ሲወጣ ወተቱ ለእህቴ ደርሶ ነበር።

ዕጣው የወጣው በዳይሬክተሩ ባርኔጣ ነው። አርባ ብጣሽ ወረቀት እያጠፍኩ የከተትኩት እኔ፣ ስም የመዘገብኩት እኔ። እህቴ "ወተት" የሚል አወጣች። የወንጌላዊው ልጅ ባዶ ወረቀት አወጣች። እኔ ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም፤ ስሟን ግን ከሌሎቹ አድምቄ ጻፍኩት።

በማግስቱ ሁዳዴ ያዘ። ገና ደወል ሳይደወል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከኋላዋ አምስት ስድስት እናቶች አሉ፤ የሸዋም የወሎም የጎጃምም ሰዎች፣ ሁሉም ልጆቻቸው ወተት የደረሳቸው።

"ምነው ልጄ" አለችኝ፣ "ደግሞ ወተት? በሁዳዴ?"

"እማዬ፣ ትምህርት ነው።"

"ትምህርት ሆነና ከጾም ተለቀቀ? አንቺ ነሽ በገዛ እጅሽ የምታስገድፊያት?" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ይወርዳል። "ከፋሲካ ወዲያ ትጠጣ። የምን ጥድፊያ ነው?"

ከፋሲካ ወዲያ ተመራማሪው የለም። ዩኒቨርሲቲው ጠርቶታል፤ ስድስቱን ሳምንት የቆጠረው በእሱ ቀን መቁጠሪያ ነው። እናቶቹ በር ላይ ቆመው እያዩኝ፣ ማዶ ልጆቹ ተሰልፈው እያዩኝ፣ እኔ መዝገቤን አውጥቼ ስም መለዋወጥ ጀመርኩ። የሚጾመውን ከወተት አወጣሁ፤ በምትኩ ከጴንጤዎቹ ልጆች አንድ አስገባሁ። ሁሉም ተደሰተ። እናቶቹ መረቁኝ። የእህቴን ስም ስሰርዝ ምትክ ሊሆን የሚችል የስድስተኛ ክፍል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። የወንጌላዊውን ልጅ ወተት ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።

ለተመራማሪው ነገርኩት። አልደበቅኩም። "ጾም ስለገባ ጥቂት ልጆችን ለዋውጬያለሁ" አልኩት።

"ቁጥሩ ሃያ ለሃያ ነው?"

"ነው።"

"ጎበዝ" አለኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሰሌዳው ላይ የጻፈው ገና አልጠፋም ነበር። እሱም ያየዋል፣ እኔም አየዋለሁ። ሁለታችንም ትተነው ወጣን።

ጉዳዩን መጀመሪያ ነጥሎ ያየው እኛ መንገድ ጥግ ላይ ላምባና ሳሙና የሚሸጥ የጉራጌ ባለሱቅ ነው። ሙስሊም ስለሆነ ጾሙ አይነካውም፤ ግን ሰፈሩ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ከሱቁ ነዋ የሚገዛው። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ስገባ ስለ ወተቱ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"እንግዲህ ወተት የሚጠጡት የማይጾሙት ናቸው" አለ።

"አዎ።"

"የማይጠጡት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዳቸው ባዶ የሆኑት።"

"አብዛኞቹ።"

"መምህርት፣ እኔ ፋኖሴ ሲያጨስ መጀመሪያ ክሩን ብቻ እቀይራለሁ። እሱ ካልሆነ ላምባውን እቀይራለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ብቀይር ማን እንዳጨሰብኝ በምን አውቃለሁ?" ስኳሩን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። አንድ ባለሱቅ ስለ ሳይንስ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ።

ቁጣዬን ግን ቤት ይዤው ገባሁ። እህቴ ወተቱን ካላገኘች በሌላ ነገር መቅደም አለባት ብዬ ወሰንኩ። አንድ አናጢ ለምኜ ዘጠኝ ኩብ አስቆረጥኩ፤ ግማሽ ጎናቸውን በቀይ ቀለም ቀባሁ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ መደቡ ላይ አስቀምጣታለሁ። የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። "ጀምሪ።" ትደረድራለች። ስትሳሳት ጣቶቿን በማስመሪያው ጫፍ መታ አደርጋለሁ። "እንደገና።" ስትዘገይ "ፈዛዛ" እላታለሁ። "ያቺ ልጅ ወተት እየጠጣች ነው፣ አንቺ እዚህ ትፈዣለሽ። ኑኑ ቁምባ ነው ያማረሽ?" እላታለሁ። አታለቅስም ነበር። ኩቦቹን አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች። ይህን ሁሉ ለእሷ ብዬ ነበር የማደርገው፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመልስ ነበር። እናቴ አንድ ሁለት ጊዜ "ተያት ትረፍ" ብላኛለች። ስለ ትምህርት ምን ታውቂያለሽ አልኳት።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ነበር። ያንን ሰዓት የመረጠው ተመራማሪው ነው፤ ጧት ጭቃ ስላለ ጂፑ አይወጣም ብሎ። ሥራው በአንድ ቀን እንዲያልቅ ሁለት ክፍል ተዘጋጀ። ወተት የጠጡትን የሚፈትነው ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በውሰት የመጣ አንድ አስተማሪ ሆነ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ልጆቹ ገና ሲያዩት የሚሮጡለት ሰው። ያልጠጡትን እንድፈትን ዳይሬክተሩ እኔን መረጠ። "ጥብቅ ሰው ያስፈልጋል" አለ። የገዛ እህቴን እንድፈትን መደረጉ አንድም ሰው አላስገረመም። እኔ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዓቱ በእኔ እጅ ከሆነ ማንም አይበድላትም ብዬ።

የሁለቱ ክፍሎች በር ፊት ለፊት ነው። ከማዶ የአስተማሪው ድምፅ ይሰማል። "ኢጆሌ፣ አከም ኦልተኒ?" ይላል፣ ልጆች እንዴት ዋላችሁ ማለቱ ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። "ሂንሶዳቲና" ይላል፣ አትፍሩ ማለቱ ነው። ከዚያ ሳቅ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከአማርኛ በቀር መናገር የተከለከለ ስለነበር ለዳይሬክተሩ ልነግርበት አስቤ ነበር። በእኔ በኩል መመሪያውን በአማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ከወረቀቱ ላይ አነበብኩ። "ጀምር ሲባል ትጀምራለህ። አቁም ሲባል ታቆማለህ። መነጋገር አይፈቀድም።" አንዱ የገጠር ልጅ አልገባውም መሰለኝ አፍጥጦ አየኝ። ደግሜ ያንኑ አነበብኩለት።

እህቴ አሥራ አንደኛ ገባች። ተቀመጠች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰዓቱን ጫን አደረግኩ። የመጀመሪያው ምስል ቤት ስንት ጊዜ የደረደረችው ዓይነት ነበር፣ አይኗን ጨፍና ልትሠራው ትችላለች። አንድ ኩብ አነሳች፣ አስቀመጠች። መልሳ አነሳች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሰዓቱን አየሁ። ኩቡ ከእጇ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ጊዜው አለቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሳትነካው ቀረች። የሆነውን ሰከንድ ጻፍኩ። አንድ ሰከንድ አልቀነስኩላትም፤ ታማኝ ነበርኩ።

ከአርባው ሠላሳ ስምንተኛ ወጣች። የወንጌላዊው ልጅ አንደኛ። ዳይሬክተሩ ባንዲራ ስንሰቅል የሁሉንም ደረጃ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ከአንድ እስከ አርባ፣ በየስሙ እየቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ እህቴን "ሱታ" ብለው ጠሯት። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ስታልፍ "ሱታ፣ ሱታ" እያሉ ይከተሏታል። የእኔ ተማሪዎችም ጭምር።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ፈተናው ልክ አይደለም አልኩት። ልጆቹ ጾመኞች ነበሩ፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የተፈተኑት፣ ዕጣውም ተለዋውጧል አልኩት።

"ማን ለወጠው?" አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ አየሁ።

"ወተቱ ደርሷት ነበር እኮ። ማን ነጠቃት? እኔ ነኝ?" ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ደግሞ ሰዓቱን የያዝሽው ራስሽ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን በደሏት ትይ ነበር።" ወጣሁ። ያን ሰው እስኪሞት ድረስ ጠልቼዋለሁ። ሲሞትም አልቀበርኩትም።

ትምህርት ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እናቴ "ትምህርቱ እምቢ ካላት ምን አደርጋለሁ" አለች። እህቴን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በሠርጓ ቀን በቅሎ ላይ ስትወጣ እግሯ እርካቡ ላይ አልደርስ አለ፤ አንድ ሰው አንስቶ አስቀመጣት። የወንጌላዊው ልጅ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ መዝሙር እየተዘመረላት ነው የሸኟት። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም። ግን ለረጅም ዓመታት ስሟ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቄ እወጣ ነበር።

እኔ ሽልማቴን አገኘሁ። ተመራማሪው "ትጉና ትክክለኛ ረዳት" ብሎ ጻፈልኝና ለዩኒቨርሲቲው የክረምት ኮርስ ተመረጥኩ። ሦስት ክረምት ተመላለስኩ። በሦስተኛው ክረምት የሥነ ልቡና ትምህርት ደረሰን። የሚያስተምረን ሌላ ሰው፣ አንድ ዕድሜው የገፋ የውጭ አገር መምህር ነበር፤ በአስተርጓሚ ያስረዳል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ያስተማረን ሙከራን ስለሚያበላሹ ጣልቃ ገብ ነገሮች ነው። ከምንለውጠው ነገር ጋር ተደብቀው አብረው የሚለወጡ፣ ሥራውን ራሳቸው ሠርተው ስሙን ለሌላ የሚሰጡ ነገሮች። ከዚያ "ራሳችሁ የምታውቁትን አንድ ሙከራ አስቡና ጣልቃ ገቦቹን ዘርዝሩ" አለ።

እኔ ለማሰብ አልተቸገርኩም። ብዕሬ ወረቀቱን ሊቀድ ደረሰ። ጾሙን ጻፍኩ። የፈተናውን ሰዓት ጻፍኩ። ዕጣው መፍረሱን፣ በአንዱ ክፍል ኦሮምኛ መነገሩን፣ በሌላው መመሪያው በአማርኛ ብቻ መነበቡን፣ የወንጌላውያኑ ልጆች ቤታቸው መጽሐፍ የሚነበብ መሆኑን፣ በየጧቱ ወተት ሲጠጡ የሚደረግላቸውን እንክብካቤ፣ የእኛው ክፍል መስኮት ጠባብ መሆኑን፣ የሁለቱ ወገን ልጆች የሚመጡበት መንገድ ርቀት እንኳ ሳይቀር። ዘጠኝ ሆነ። መምህሩ ወረቀቴን ለክፍሉ አነበበው። ተጨበጨበልኝ። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ለእህቴ ማሳየት። ፈዛዛ እንዳልሆነች በወረቀት ላይ፣ በቁጥር፣ በዩኒቨርሲቲ ማስረጃ አለኝ።

ከኮርሱ እንደተመለስኩ ቡና ሊጭን በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ ኑኑ ቁምባ ሄድኩ። መኪናው ጭኖ ሲመለስ በአሥር ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ካመለጠኝ ሦስት ቀን እንደምጠብቅ ሾፌሩ ነገረኝ። እህቴን ካየኋት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ልጅ አዝላ በር ላይ ጠበቀችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧ ሰፍቷል፣ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። ጎረቤቶቿ በኦሮምኛ ሰላም ሲሏት እየሳቀች ትመልሳለች፤ ወደ እኔ ስትዞር ሳቋ ይቆማል። ባሏ ቢሮ ነበር። ቤቷ ንጹሕ ነው። አስቀመጠችኝና ሻይ ቀዳችልኝ። እየቀዳች ሳለ መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሻዩ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ። "ይቅርታ" አለች። ምንም አይደለም አልኳት፤ ልብ አላልኩትም።

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ከአንድ እስከ ዘጠኝ። "አየሽ?" አልኳት። "አንቺ አይደለሽም። ጾሙ ነው። ተመራማሪው ነው። ዳይሬክተሩ ነው። እማዬም ብትሆን አለችበት። አንቺ ምንም አልሆንሽም፣ ርቦሽ ነው እንጂ።"

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጡት ሰጠችው።

"ጨረስሽ፣ እትዬ?"

"ጨረስኩ።"

"አልራበኝም ነበር።" ልጁን እንጂ እኔን አታይም። "ያን ቀን የባለሱቁ ሚስት ጠርታ ዳቦ በሻይ አበላችኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለችኝ። ጠግቤ ነው የገባሁት።"

"ታዲያ አማርኛው…"

"አማርኛ ቤታችን የሚነገር ነው።"

"መስኮቱ፣ ብርሃኑ…"

"አይቼዋለሁ ምስሉን። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ዛሬም አውቃቸዋለሁ።" በባዶ እጇ መሬቱ ላይ ማዕዘን ሠራች፤ ሁለት ቀይ እዚህ፣ ነጩ እዚህ። ፈጥና፣ ሳታመነታ። "እትዬ፣ ሰዓቱን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ።"

አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። ገና ስትጀምር ገብቶኛል።

"በዚያኛው ክፍል 'ሂንሶዳቲና' ሲል እሰማው ነበር" አለች። "እዚያ በሆንኩ አልኩ። ለወተቱ አይደለም። አንቺን ቀና ብዬ ሳይሽ ፊትሽን አየሁት፤ ቤት የምታሳይኝ ፊት ነው። ከዚያ እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"ትገርፊኛለሽ ብዬ።"

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ውኃ ከየት እንደምትቀዳ ብጠይቃት እንደምትመልስልኝ ነው የመለሰችልኝ። ልጁ ጡት ለቆ አየኝ፤ እኔ ሳየው ፊቱን እናቱ ውስጥ ቀበረ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከአፌ የወጣው "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው" የሚለው ሆነ። "አውቃለሁ" አለችኝ። ሻይ ጨመረችልኝ። ያን ጊዜ እጇን አየሁት፣ ጣቶቿን። አንዱ አንጓ እንደ ማበጥ ብሎ ቀርቷል።

ብዙ ተቀመጥን። መኪናው የሚያልፍበት ሰዓት መቃረቡን አውቃለሁ፤ ሰዓቱ እጄ ላይ ነው፣ ግን እጅጌዬን ስቤ ሸፍኜዋለሁ። እሷ ፊት ላየው አልደፈርኩም። በመጨረሻ "ስንት ሰዓት ሆኖ ይሆን?" አልኳት።

በበሩ በኩል አንገቷን አስግጋ ደጅ መሬቱ ላይ ያረፈውን ጥላ አየች። ለማሰብ እንኳ አልቆመችም።

"ለአሥር ሩብ ጉዳይ" አለች። "ተነሺ፣ ትደርሺበታለሽ።"

እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ከጠመዝማዛው ወዲያ ከዓይኗ ስርቅ እጅጌዬን ገልጬ ሰዓቴን አየሁ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ከሆነ ሁለት ደቂቃ አልፎ ነበር፤ ሁለቱ ደቂቃ ከበሯ እስከዚያ የተራመድኩት ነው።